የማን ለቅሶ ነው?

እኛ ድሬዎች በለቅሶ አንታማም። ከዚራ ሰው ቢሞት መጋላ ይሰማል፤ እድሩም አፎሻውም ይነሳል። የሟች ሃይማኖት ለጸሎቱ እንጂ ለሐዘኑ አይጠየቅም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲፈጅ ከተማው በአደባባይ አለቀሰ። ጎርፍ ገድሎ «አታልቅሱ» አይልም።

መንግሥት ሲገድል ግን ይላል። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር የተገደሉ ወጣቶች አስከሬን ደረቱ ላይ መፈክር ተለጥፎበት መንገድ ላይ ይጣል ነበር። ልጁን ለመቅበር የጥይት ዋጋ ክፈል የተባለ ወላጅ ብዙ ነው። ድንኳን መጣልና እዬዬ ማለት ክልክል ሆነ። ድሬዳዋም ከዚህ መዓት አላመለጠችም።

እስቲ እንጠይቅ፤ ጠመንጃ የያዘ መንግሥት የአንዲት እናት እንባ ምን አስፈራው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ገዳይ ሟቹን «አናርኪስት» ብሎ ስሙን ቀምቶታል። እናት ደረቷን እየደቃች ስትጠራው ግን የተቀማው ስም ይመለሳል፤ አናርኪስት የተባለው የሰው ልጅ ሆኖ ይነሳል። ይሄ የእኛ ሀገር ጉድ ብቻ አይደለም። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ስፍር ቁጥር የሌለው ኡይጉር ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዘ፤ የመቃብር ቦታዎቻቸው መፍረሳቸውንም በ2019 የወጡ የሳተላይት ፎቶዎች አሳዩ። መንግሥት ከሕያው አልፎ ከመቃብር ጋር የሚጣላው በከንቱ አይደለም።

«ያለፈውን ምን ያነካካል? የገዳይም የሟችም ቤተሰብ እኮ አንድ እድር ነው» የሚሉ አሉ። ቀላል ነገር አላሉም። ነገር ግን ማስታወስ መክሰስ አይደለም። ክሱንማ ፍርድ ቤት በ1987 መስማት ጀምሮ፣ በ1999 መንግሥቱ ኃይለማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ፍርድ ቤት ገዳይን ይዳኛል፤ ሟችን ማልቀስ የጎረቤት ሥራ ነው።

ታዲያ ለመንግሥት እንተወው? በ2002 መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መከፈቱ ደግ ሥራ ነበር። ይሁንና ከ1997 ምርጫ በኋላ በተነሳው ተቃውሞ፣ ያው በጊዜው የነበረው መንግሥት የጸጥታ ኃይሎች 193 ሲቪሎችን እንደገደሉ አጣሪ ኮሚሽን መዝግቧል። ለእነሱ ሐውልት አላቆመላቸውም። መንግሥት የሚያለቅሰው ጠላቱ ለገደለው ነው።

እኛስ? በደርግ ጥይት ለወደቀው እያለቀስን፣ በኢሕአፓ ጥይት ለወደቀው የቀበሌ ሰው ፊታችንን ካዞርን በምን ተሻልን? ደቻቱ ለወሰደው ስናለቅስ «የማን ወገን ነበር?» አላልንም። ለሌላውም ሟች እንዲያው ነው መሆን ያለበት። አንባቢ ሆይ፣ አንተ የደገፍከው ወገን የገደለውን ሰው ስም በለቅሶ መሐል ጮክ ብለህ መጥራት ትችላለህ? ካልቻልክ የምታለቅሰው ለሟች አይደለም፤ ለወገንህ ነው።