«ጋጠ ወጥ» ስለሚለው ቃል



በአራዳና በፒያሳ መንገዶች በቁጣ ከሚነገሩት ቃላት አንዱ «ጋጠ ወጥ» የሚለው ነው። ቃሉ የመጣው ከከብት ቤት ነው። ጋጥ ከብት የሚታሰርበትና ድርቆሽ የሚቀርብበት ስፍራ ሲሆን፣ ጋጠ ወጥ ማለት ማሰሪያውን በጥሶ ከዚያ የወጣ ማለት ነው። «ስድ» የሚለውም ቃል ለዚሁ ይቀርባል፤ ጠባቂ ሳይኖረው የተለቀቀ ማለት ነውና።

እንግዲህ ይህ ስም የሚገባው ለማን ነው? በመንገድ የምታልፈውን እኅት በለከፋ የሚያሸማቅቅ፣ በታክሲ ሰልፍ አረጋዊውን ገፍትሮ የሚገባ ሰው፣ ልብሱ ያማረ ቢሆንም ከጋጡ ወጥቷል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቃሉን የምንወረውረው ልብሱ በተቀደደው በረንዳ አዳሪ ልጅ ላይ ነው። ያ ልጅ ጋጥ ያጣ እንጂ ከጋጥ የወጣ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲዛወሩ፣ ልጅን እንደ ራሱ ልጅ የሚቆጣና የሚመክር ጎረቤትም አብሮ ተበትኗል።

ነቢዩ ኢሳይያስ በመጽሐፉ መጀመሪያ፣ በሬና አህያ እንኳ የጌታቸውን ጋጥ ሲያውቁ ሕዝቡ አምላኩን አለማወቁን በኀዘን ይናገራል። ይህ ወቀሳ የተነገረው መሥዋዕት ለሚያቀርበውና በዓል ለሚያከብረው ሕዝብ መሆኑን ልብ እንበል። ወንጌላዊው ሉቃስም እመቤታችን ማደሪያ አጥታ ሕፃኑን በግርግም እንዳስተኛች ይተርካል። ግርግምም የከብት መመገቢያ ነው። ጌታችን በዚያ የተኛው ከጋጥ የወጣነውን ሁሉ ሊመልሰን ነው።

ጌታ በተራራው ስብከቱ ወንድምን መሳደብን «አትግደል» ከሚለው ትእዛዝ ጋር አያይዞ አስተምሯል (ማቴ. 5፥21-22)። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2477 የባልንጀራን ነውር ያለ በቂ መሠረት እውነት ነው ብሎ መቀበልን የችኮላ ፍርድ ይለዋል።

ስለዚህ መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ ልጅ ሲያጠፋ በዝምታ አትለፉት፤ «ሰድበሃል፤ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ» በሉት። ጥፋቱን ንገሩት እንጂ «ጋጠ ወጥ» ብላችሁ አትሰይሙት። ጥፋት በንስሐ ይታረማል፤ የተለጠፈ ስም ግን ልጁን እስከ ሽምግልናው ሊከተለው ይችላል። የወጣ ከብት በዱላ ብቻ አይመለስም፤ በጋጡ ድርቆሽ እንደሚጠብቀው ሲያውቅ ግን ራሱ ይመጣል። በየቤታችንና በየቁምስናችን ያ ድርቆሽ ይገኝ ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።