«ለአላህ ሰጠሁት» ማለት ሐቅን መጣል አይደለም

 

ዲላ ውስጥ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ አባት አጠገቤ ተቀመጡ። በጌዴኦ ዞን፣ ሬኮ፣ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ዘጠኝ ዓመት በጥበቃ ሠርተዋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቢከለከሉ ለወረዳው ቅሬታ ጻፉ። በሳምንቱ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ተባሉ። አሠሪያቸው ሙስሊም ነው፤ በአንድ ሶፍ ይሰግዳሉ። «ሽማግሌ ገብቶ ነበር። ዛሬ ነገ ሲባል አራት ወር አለፈ። ልጄ፣ እኔስ ለአላህ ሰጥቼዋለሁ» አሉኝ።

አራት ወር ሲሉ ደነገጥኩ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የሽማግሌ ንግግር ብቻውን ይህን ጊዜ አያቆመውም። ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ ግን 6 ወር አለው። አባታችን ሁለት ወር ይቀራቸው ነበር።

በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ይናገራል። ሃይማኖት፣ እርግዝናና የሠራተኛ ማኅበር አባልነትም እንደዚሁ ናቸው። ስንብቱ ሕገወጥ ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤት ወደ ሥራ እንዲመለስ ወይም ካሳ እንዲከፈለው ያዛል። ጊዜው ላልተወሰነ ውል ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዝ 180 እጥፍ ነው፤ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ክፍያም ይታከልበታል። ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የመጀመሪያ ደረጃው ችሎትም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ታዝዟል።

ውድ አንባብያን! ተወኩል እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው ነቢያችን አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ ማዘዛቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል። ማመልከቻ መጻፍና ምስክር መቁጠር ግመሉን ማሰር ነው።

ሽማግሌዎቻችንም እናስብ። ሱልሕ የተወደደ ሥራ ነው። ነገር ግን የበዳዩን ገመና ለመሸፈን ሲባል የተበዳዩ ቀን እንዲያልፍ ካደረግን አስታራቂ አይደለንም፤ የዙልሙ ተካፋይ ነን። ሱልሑ በቀን ይወሰን፣ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን።

አንተ አሠሪ ወንድሜ! በሱረቱል ቀሶስ የመድየኑ ሽማግሌ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ሲቀጥሩ ዘመኑን ለይተው፣ ላስቸግርህ አልሻም ብለው ተዋዋሉ። በቡኻሪ በተዘገበ ሐዲሰል ቁድሲ ደግሞ ሠራተኛን አሠርቶ ደመወዙን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን አላህ ራሱ ከሚከራከራቸው ሦስቱ አንዱ ነው። ይርጋ የፍርድ ቤቱን በር ይዘጋ ይሆናል። የቂያማው ችሎት ግን ይርጋ የለውም። በአንደበቱ ብርታት የወንድሙን ሐቅ ያስፈረደ ሰው የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን ነቢያችን አስጠንቅቀዋል።

ለእኚያ አባት የተባረሩበትን ቀንና የቀረውን ጊዜ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። «ታዲያ ዱዓዬስ?» አሉኝ። «አባቴ፣ ዱዓውን ይዘው ይሂዱ» አልኳቸው።

አላህ ለሐቅ የምንቆም ያድርገን። ወላሁ አዕለም።