ምጽዋት ወይስ እጅ መንሻ?

ሎስ አንጀለስ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ሰሞኑን ደውሎ ምክር ጠየቀኝ። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘ ቆይቷል፤ ሱቁም በ2002 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ላይ ነው። ለከተማው ምክር ቤት ለሚወዳደር ሰው የምርጫ ዘመቻ 100 ዶላር ሊያዋጣ አስቧል። ይሁንና በካሊፎርኒያ ሕግ በዓመት 100 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ ሥራውና አሠሪው ተመዝግቦ ለሕዝብ ይገለጣል።

«99 ብሰጥስ?» አለኝ። «ስሜ ዝርዝር ውስጥ ከሚገባ።»

ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ሳቄን ዋጥሁት። አባቱ በቀይ ሽብር ዘመን ስማቸው ከቀበሌ ዝርዝር ላይ ተጠርቶ የታሰሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ልጅ መዝገብ ቢፈራ ማን ይፈርድበታል?

«ደግሞስ» አለ ቀጥሎ፣ «እኛ ያደግነው ስትሰጡ አትታዩ እየተባልን አይደለም እንዴ?»

እውነት ነው። ግን አንባቢ ሆይ፣ ቋንቋችን ለስጦታ ከአንድ በላይ ስም አለው። ለደኻ የሚሰጠው ምጽዋት ነው፤ ለሹም የሚቀርበው እጅ መንሻ። ምጽዋት ወደ ታች ይወርዳል፤ ቢገለጥ የሚያፍረው ተቀባዩ ነው፣ ስለዚህ መሸሸጉ ደግነት ነው። እጅ መንሻ ግን ወደ ላይ ይወጣል፤ ተቀባዩ ነገ ፈቃድ ሰጪና ከልካይ ይሆናል። ይህኛው ሲሸሸግ የሚጎዳው በስጦታው ቦታ ያልነበረው ሦስተኛው ሰው፣ ማለትም ምንም ሳይሰጥ ደጅ የሚጠናው ጎረቤት ነው። የካሊፎርኒያ መራጮች በ1974፣ በዋተርጌት ቅሌት ሰሞን፣ ይህን ሕግ በድምፃቸው ያጸደቁት፣ የሎስ አንጀለስ መራጮችም በ1990 የከተማ እጩዎችን ሒሳብ የሚቀበል የሥነ ምግባር ኮሚሽን ያቋቋሙት ለዚያ ጎረቤት ይመስለኛል።

ታዲያ የጓደኛዬ ፍርሃት ከንቱ ነው? አይደለም። አላባማ የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነ ማኅበር የአባላቱን ዝርዝር እንዲያስረክብ ባስገደደች ጊዜ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1958 ማኅበሩ ዝርዝሩን የመስጠት ግዴታ የለበትም ብሏል። ይኸው ፍርድ ቤት በ1976 የምርጫ መዋጮ ይገለጥ የሚለውን ሕግ ቢያጸናም፣ በ1982 ደጋፊዎቹ ሲዋከቡ የኖሩ አንድ አነስተኛ የሶሻሊስት ፓርቲ በኦሃዮ ስማቸውን እንዳይገልጥ ፈቅዷል። ብርሃኑ የታሰበው ኃይለኛውን እንድናይበት ነው፤ ደካማውን ማሳደጃ ሲሆን ሕጉ ራሱ ይገታዋል። አነስተኛ መዋጮ ያለ ስም እንዲያልፍ መደረጉም ምሕረት ነው።

ስለዚህ ለጓደኛዬ እንዲህ አልሁት፦ «99 ብትሰጥ ወንጀል የለብህም። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ስምህን የምትደብቀው ፈርተህ ነው? ፍርሃትህን አከብራለሁ። ወይስ ነገ ከዚህ ሰው የምትፈልገው ነገር አለ?»

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ በሱቁ ፊት ለፊት ስላለው የመኪና ማቆሚያ አቤቱታ ለማስገባት እንዳሰበ፣ ሰውየው ከተመረጠ ጉዳዩ በእርሱ እጅ እንደሚያልፍ ነገረኝ።

«እንግዲያውስ 100 አድርገው» አልሁት።

እስካሁን መልሶ አልደወለልኝም።