የስሕተቱ ዕዳ

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ጫፍ፣ ፉሪ ላይ፣ አዲስ አበባ አልቃ ሸገር ከተማ ትጀምራለች። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአዲስ አበባ መግቢያና መውጫ ሁሉ ፍተሻ ጠብቆ ነበር። ኤፍኤስአሩ ዳር ይይዛል፤ ረዳቱ ሸራውን ይገልጣል፤ ፈታሹ ኩንታሉን በሹል ብረት ወጋ ወጋ ያደርገዋል። ስንዴው በቀዳዳው ትንሽ ይፈስሳል፣ ሾፌሩም ዝም ይላል። በጦርነት ጊዜ ጭነት ይፈተሻል፤ ይሄ የሚያከራክር አይደለም። ሾፌሩ የሚከፋው ሰነዱ ታይቶ፣ ጭነቱ ተወግቶ ካለቀ በኋላ «ጠብቅ» ሲባል ነው። እስከ መቼ ቢል የሚመልስለት የለም።

የሚቆመው ጭነት የእርዳታ እህል ሲሆን ጥያቄው ይከብዳል። ስለ ጦርነትና እርዳታ ሲነሳ ሁሌም «ሚዛን» ይባላል፤ በአንድ በኩል የሠራዊቱ ደህንነት፣ በሌላው የተራበው ሰው። እኔ ይሄ ሚዛን የሚያሳስት ይመስለኛል። ኬላ ላይ የቆመው አዛዥ ሁለት ክብደት እያነጻጸረ አይደለም፤ የማያውቀውን ነገር እየገመተ ነው። ይህ እህል ነገ ማን አፍ ይገባል? ገምቶ ሊሳሳት ይችላል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፣ ቢሳሳት ዕዳውን የሚከፍለው ማነው የሚለው ነው።

የአዛዡ ፍርሃት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. ከአስመራ በስተደቡብ እህል የጫኑ 23 የእርዳታ መኪኖች በሻዕቢያ ጥቃት ተቃጠሉ። ሻዕቢያ ከመኪኖቹ አንዳንዶቹ መሣሪያ ጭነው ነበር ሲል ተከራከረ። ክርክሩ እውነት ቢሆን እንኳ ስንዴው አብሮ ነደደ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ አፋቤት በሻዕቢያ እጅ ከወደቀች በኋላ፣ ደርግ በበኩሉ የውጭ እርዳታ ሠራተኞች ከኤርትራና ከትግራይ ይውጡ ብሎ አዘዘ። ምክንያቱ ለራሳቸው ደህንነት ታስቦ ነው ተባለ። አንዱ በእሳት፣ ሌላው በደብዳቤ፤ ለተረጂው ግን ውጤቱ ያው ነው።

ከታኅሣሥ 2014 እስከ መጋቢት ድረስ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መኪኖች በሰመራና በአብዓላ በኩል መቀሌ መግባት አልቻሉም። መንግሥት ሕወሓት አፋር ላይ በከፈተው ጥቃት መንገዱ ተዘጋ ይላል፣ ሕወሓት ደግሞ የዘጋው መንግሥት ነው ይላል። መጋቢት 15 የሰብዓዊ ተኩስ አቁም ታወጀና በሳምንቱ ገደማ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ገቡ። ያ መንገድ በውሳኔ ሊከፈት የሚችል ከነበረ፣ ከዚያ በፊት ስለተቆጠሩት ወራት ሁለቱም ወገኖች ይጠየቃሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ነዳጅ ነው። እህል ያለ ናፍጣ ከመጋዘን አይወጣም፤ ናፍጣው ግን አምቡላንሱንም ፒክአፑንም እኩል ያንቀሳቅሳል። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጊያው ዳግም በተነሳበት ዕለት፣ መቀሌ ከሚገኘው የዓለም ምግብ ፕሮግራም ግቢ 570,000 ሊትር ነዳጅ ተወሰደ። ድርጅቱ ተዘረፍኩ አለ፤ ሕወሓት ያበደርኩትን ነው ያስመለስኩት አለ። ከዚያ ቀን በኋላ «ነዳጅ አላሳልፍም» የሚልን አዛዥ ጨካኝ ብሎ ማለፍ አይቻልም።

አዛዡ «የእኔም ወታደር ሲሞት አይመለስም» ቢለኝ ልክ ነው። ግን የወታደሩ አደጋ «ምናልባት» ነው፤ መኪናው ካለፈ፣ ጭነቱ ከተዘረፈ፣ የተዘረፈው ወደ ግንባር ከደረሰ። መኪናው ከቆመ ግን የሕፃኑ ረሃብ ምናልባት የለውም። ደግሞም ወታደሩን ስም ጠርቶ የሚቆጥረው አለቃ አለው። ስለዚህ ነዳጁን በሊትር ለክቶ፣ በየመጋዘኑ ታዛቢ አስቀምጦ፣ በየሳምንቱ ከፍሎ መላክ ይገባል እላለሁ። ያም ሆኖ ይሰረቃል። የተሰረቀው ሊትር የሠራዊቱ ዕዳ ይሁን፤ ከተራበው ይልቅ ሊከፍል የሚችለው እሱ ነው።

ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. ያጸደቀችው ሁለተኛው የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል እርዳታን በመንግሥት ፈቃድ ላይ ያቆማል፤ ረሃብን የውጊያ ስልት ማድረግን ግን ይከለክላል። በሕጉ ውስጥ ሰዓት አልተጻፈም። መኪና አርባ ቀን ቢቆም፣ በየትኛው ቀን ፍተሻው እገዳ እንደሆነ የሚናገር አንቀጽ አላገኘሁም።

ጣታችንን በወታደሩ ላይ ብቻ እንዳንቀስር የሚያደርግ ነገር ደግሞ አለ። ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በኋላ፣ ጠመንጃው ዝም ካለ ከወራት በኋላ፣ እርዳታ እየተሰረቀ ነው ተብሎ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2015 ዓ.ም. አስቀድሞ በትግራይ፣ በሰኔ ደግሞ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በ2016 ነው። ስርቆቱ እውነት ነበር። «ለማይገባው ሰው ይደርሳል» የሚለው ግን ኬላ ላይ ሲነገር የሰማነው ክርክር ራሱ ነው፤ ልዩነቱ ተናጋሪው ዩኒፎርም አለመልበሱ ነው። የተረጂዎች ስም ዝርዝር እንደገና ተመዘገበ፣ የመጋዘን ቁጥጥሩም ጠበቀ፤ ጥሩ ሥራ ነው። ምዝገባው እህሉ እየታደለ ቢካሄድ ኖሮ ሌባው ጥቂት ወር ተጨማሪ ይሰርቅ ነበር። ለጋሾቹ ያንን ኪሳራ ራሳቸው ከመሸከም ለተረጂው ማሸከሙን መረጡ።