ከልጅነት ወደ ጕልማሳነት ስለሚሻገሩ ልጆች፤ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተጻፈ ምክር

አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ ከ10 እስከ 15 ዓመት የሚሆነው ልጅ አለህን? ወይስ አንተ ራስህ በዚህ ዕድሜ የምትገኝ ተማሪ ነህን? እንግዲያውስ ይህች ትንሽ ጽሑፍ ለአንተ ተጻፈች። ጥቂት ታገሥና እስከ ፍጻሜዋ አንብባት።

ገበሬ የእርሻውን ጠባይ ያውቃል። ቡቃያው መቼ እንደሚታረም፣ መቼም እንደሚያሸት ያውቃልና በአበባው ወራት ገብቶ አይረግጠውም። እኛ ግን ብዙዎቻችን ገበሬ እህሉን የሚያውቀውን ያህል ልጆቻችንን አናውቅም። ልጁ ትናንት ታዛዥና ደስተኛ ነበረ፤ ዛሬ ግን ድምፁ ጐረነነ፤ ፊቱ ጠቈረ፤ ሲናገሩት ይቈጣል፤ ብቻውንም መቀመጥ ይወዳል። ያን ጊዜ አባት፣ «ልጄ ከፋ» ይላል፤ እናትም፣ «ዓይነ ጥላ ያዘው» ትላለች፤ ጎረቤትም፣ «ጠገበ» ይላል። ከሦስቱ ግን ልጁን ራሱን ምን እንደ ሆነ የጠየቀው የለም።

ወንጌላዊው ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ ስለ ጌታችን ልጅነት የጻፈውን ታሪክ አስታውስ። 12 ዓመት በሆነው ጊዜ ከወላጆቹ ጋር ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። ሲመለሱም ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ባጡትም ጊዜ ተመልሰው ፈለጉት፤ ከሦስት ቀንም በኋላ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ አገኙት። እናቱ ተጨንቃ ነበርና ምክንያቱን ጠየቀችው፤ መልሱን ባያስተውሉትም አላዋረዱትም፤ እርሱም አብሯቸው ወደ ናዝሬት ተመልሶ ይታዘዛቸው ነበር። ሉቃስ ታሪኩን ሲፈጽም ልጁ በአራት ነገር እንዳደገ ያስረዳናል፤ ይኸውም በጥበብ፣ በቁመት፣ በእግዚአብሔር ፊትና በሰው ፊት ነው። እንግዲህ ጌታ ራሱ ያለፈበት ዕድሜ የተናቀ ወይም የሚያሳፍር ሊሆን አይችልም። እኛም ይህንን መንገድ ተከትለን ስለ ሥጋ፣ ልብን የሚያይ እግዚአብሔር ነውና ስለ ልብ ስሜት፣ ስለ አእምሮ፣ ከሰው ጋር ስለ መኖርም በየተራ እንናገር።

1ኛ፤ ስለ ሥጋ ማደግ።

በአንጎል ሥር እንደ አተር ፍሬ ያለች አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች። ጊዜዋ በደረሰ ጊዜ በደም በኩል ለሰውነት መልእክት ትልካለች፤ ያን ጊዜ ሰውነት መለወጥ ይጀምራል። ይህም ለሴቶች ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13፣ ለወንዶች ልጆች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ወንበር ከሚቀመጡ ሁለት እኩዮች አንዱ ጕልማሳ፣ ሁለተኛው ገና ሕፃን መስለው ቢታዩ ሁለቱም ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ሴቶች ልጆች እጅግ ፈጥነው የሚረዝሙት በ12 ዓመት ገደማ ነው፤ ወንዶች ግን ሁለት ዓመት ያህል ዘግይተው በ14 ገደማ ነው፤ በዚያም ዓመት አንድ ወንድ ልጅ 9 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። አስቀድመው የሚያድጉት እጅና እግር ናቸው፤ ደረትና ትከሻ በኋላ ይከተላሉ። እንግዲህ ልጅህ ሲኒ ቢሰብር ወይም በደጃፍ ቢሰናከል፣ «ዓይን የለህምን?» ብለህ አትስደበው፤ በቅርብ ጊዜ የረዘመውን እጁንና እግሩን ገና አልለመደውምና።

የወንድ ልጅ ማንቍርት ሲሰፋ የድምፁ ጅማቶች ይረዝማሉ፤ ስለዚህ ድምፁ አንድ ጊዜ ይቀጥናል፤ አንድ ጊዜም ይጐረንናል። አንዳንዱ ልጅ ጡቱ ጥቂት ያብጥበትና ይደነግጣል፤ ይህም ብዙ ጊዜ በራሱ የሚጠፋ ነው። ሕልመ ሌሊት ቢያገኘውም የሰውነቱ ሥራ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። አባት ይህን ካልነገረው ማን ይነግረዋል?

እናት ሆይ፤ ለአንቺም የምናገረው አለኝ። ሴት ልጅሽ ጡቷ ማጐጥጐጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ የወር አበባ ይመጣባታል፤ በመጀመሪያዎቹም ዓመታት ወሩን ጠብቆ ላይመጣ ይችላል። አስቀድሞ ያልተነገራት ልጅ ደሙን ባየች ጊዜ ክፉ ደዌ የያዛት ይመስላታል፤ ልብሷን ሸሽጋ ብቻዋን ታለቅሳለች፤ ከትምህርት ቤትም ትቀራለች። ይህን የሚያህል ፍርሃት ከልጅሽ ልብ ለማራቅ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ጨዋታ ይበቃል። ንጹሕ ጨርቅ አዘጋጂላት፤ ነገሩም የሴትነት ሥርዐት እንጂ ርግማን እንዳይደለ ንገሪያት። በማዕድም ትራፊ አታቆዪላት፤ የሚጐድለው ደሟ በምስር፣ በጎመን፣ ሲገኝም በሥጋ ይተካልና።

እንቅልፍንም አትርሱ። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይዘገያል፤ ልጁ ማታ ቶሎ እንቅልፍ አይመጣለትም፤ ጧትም መነሣት ይከብደዋል። በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። እንግዲህ ጧት የሚያንቀላፋውን ልጅ ሁሉ ሰነፍ አንበለው።

ደግሞም የበሰለ የሚመስል ሁሉ አልበሰለም። ሰውነቷ ስለ ደረሰ ብቻ ልጅቱን ለባል መስጠት ያልደረሰን እሸት ማጨድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራል የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

2ኛ፤ ስለ ልብ ስሜት።

ስታንሊ ሆል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1904 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ስለዚህ ዕድሜ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ ዘመኑን የማዕበልና የሁከት ዘመን አድርጎ ገለጸው። ከእርሱ በኋላ የመረመሩ ሊቃውንት ግን ማዕበሉ በሁሉ ላይ እንደማይነሣ፣ ብዙ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር በሰላም እንደሚያልፉት አስተዋሉ። ይሁን እንጂ ስሜቱ እንዲበረታ የታወቀ ነው። ደስታንና ቍጣን የሚያነሣሣው የአንጎል ክፍል ፈጥኖ ይነቃል፤ የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ግን ሥራውን ፈጽሞ የሚበስለው ከ20 ዓመት በኋላ፣ ወደ 25 ገደማ ነው። በቅሎዋ ጠንክራለች፤ ልጓሙ ግን ገና እየተሠራ ነው። ስለዚህ ልጁ ልጓሙ እስኪያልቅ ድረስ የአባቱ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ይህን ስጽፍ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ አስቀድሜ የወደቅሁት እኔ ነኝና። የመጀመሪያው ልጄ 13 ዓመት በሆነው ጊዜ አንድ እሑድ በጉባኤ ፊት ቅዱስ መጽሐፍ እንዲያነብ አቆምሁት። በመካከሉ ድምፁ ተሰበረና እንደ ጫጩት ጮኸ፤ በኋላ የተቀመጡ ልጆችም ሳቁ። እርሱም ዝም አለ። እኔ ግን የሰው ዓይን አሳፈረኝና፣ «ቀልድህን ተውና እንደ ሰው አንብብ!» ብዬ በሁሉ ፊት ገሠጽሁት። መጽሐፉን በቀስታ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ወራት ከ«አዎን» እና ከ«የለም» በቀር ቃል አልመለሰልኝም። እኔም ትዕቢት ነው አልሁ፤ እንዲለቀውም ጸለይሁ።

አንድ ማታ ባለቤቴ፣ «እርስዎ የተቈጡት ጕሮሮውን ነው፤ ጕሮሮውን ግን እርሱ አልሠራውም» አለችኝ። ያ ቃል በልቤ ገባ። ሐዋርያው ጳውሎስ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡና ተስፋ እንዳያስቈርጡ ማዘዙን ስንት ጊዜ ለሌሎች አስተምሬ ነበር! ወደ ልጄ ገብቼ፣ «በድዬሃለሁና ይቅር በለኝ» አልሁት። ብዙ ቆይቶ፣ «እሺ አባባ» አለኝ። ከዚያም በኋላ ቀስ በቀስ መነጋገር ጀመርን። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ በጉባኤ ፊት ቆሞ ለማንበብ አይወድም። ይቅርታ ቍስልን ይፈውሳል፤ ጠባሳውን ግን ሁልጊዜ አያጠፋም። ስለዚህ፣ አባት ሆይ፣ ልጅህን መገሠጽ ቢያስፈልግህ ለብቻው ጠርተህ ገሥጸው።

3ኛ፤ ስለ አእምሮ።

ዣን ፒያዤ የተባለ የስዊስ ሊቅ የልጆችን አሳብ ሲመረምር፣ 11 ወይም 12 ዓመት ገደማ ልጅ በዓይን ስለማይታይ ነገር፣ ስለ ፍትሕና ስለ እውነት፣ «እንዲህ ቢሆንስ?» እያለ ማሰብ እንዲጀምር አስተዋለ። ከዚያ በፊት የነገሩትን ይቀበል የነበረው አሁን ይመዝናል። ባለ ዕዳ በደጅ ሲጣራ ልጅህን፣ «አባቴ የለም በለው» ብለህ ትልከዋለህ፤ ማታ ደግሞ ስለ ሐሰት ክፋት ታስተምረዋለህ። ሕፃን ሳለ ይህን አላስተዋለም ይሆናል፤ አሁን ግን ሁለቱን አጋጥሞ ይጠይቅሃል። እርሱ ሲጠይቅህ ድፍረት ነው አትበል፤ መልስ ካለህ መልስለት፤ ከሌለህም ጥፋትህን እመን። የኢየሩሳሌም መምህራን ሽማግሌዎች ሲሆኑ የ12 ዓመቱን ልጅ ጥያቄ ሰምተው በማስተዋሉና በመልሱ ተደነቁ እንጂ ከመካከላቸው አላስወጡትም።

4ኛ፤ ከሰው ጋር ስለ መኖር።

በዚህ ዕድሜ የባልንጀራ ቃል ከአባት ቃል ይልቅ የሚጣፍጥበት ጊዜ አለ። በ2005 (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ወጣቶችንና ጐልማሶችን መኪና በመንዳት ጨዋታ ፈተኗቸው። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ልጆች ብቻቸውን ሲጫወቱ ከነበረው ይልቅ ባልንጀሮቻቸው ሲመለከቷቸው እጅግ ደፋሮች ሆኑ፤ በዕድሜ የበሰሉት ግን ባልንጀራ በማየቱ ብዙ አልተለወጡም። እንግዲህ ልጅህ ብቻውን የማያደርገውን ከጓደኞቹ ጋር ቢያደርገው አትደነቅ፤ ይልቅስ ጓደኞቹን በስማቸው እወቃቸው፤ ወደ ቤትህም ጥራቸውና ከማዕድህ ይብሉ። በደጅህ የሚያልፈውን ከመስደብ በቤትህ የሚቀመጠውን ማወቅ ይሻላል።

አንተም፣ ተማሪ ልጄ ሆይ፣ እስከዚህ ካነበብህ ጥቂት ስማኝ። ሰውነትህ ቢለወጥ አትፈር፤ የሚመጣብህ ሁሉ ከአንተ በፊት በአባትህም ላይ መጥቷል። ባልንጀራህ በርዝመቱ ወይም በድምፁ ሲሳቅበት ባየህ ጊዜ ከሳቂዎቹ ጋር አትሳቅ፤ ነገ ተራው የአንተ ነውና። እኅትህ ወይም የክፍል ጓደኛህ በወር አበባዋ ምክንያት አንገቷን ብትደፋ ጠብቃት እንጂ አታሳፍራት። ቍጣ ሲነድድብህ ልጓምህ ገና እየተሠራ መሆኑን አስብ፤ ከመናገርህ በፊት ወደ ውጭ ወጥተህ ጥቂት ተመላለስ። ከባልንጀሮችህ ጋር ሳለህ አንድ ነገር ልታደርግ ብትነሣ፣ «ብቻዬን ብሆን ይህን አደርገው ነበርን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። የከበደህንም ነገር በልብህ አትቅበር፤ አባትህ የማይሰማህ ቢሆን ለእናትህ፣ ለአጎትህ፣ ወይም ለታመነ መምህር ተናገር።

ወላጆች ሆይ፤ ይህ ዘመን አጭር ነው። ልጁ አሁን ከእጃችሁ ወደ ራሱ እግር እየተሻገረ ነው፤ የሚሻገርም ሰው በወንዙ መካከል ሳለ እጁን የሚይዝ እንጂ ከዳር ሆኖ የሚጮኽበት አይጠቅመውም። ዛሬ ማታ ልጃችሁ ወደ ቤት ሲገባ ስለ ውጤቱና ስለ ሥራው ከመጠየቃችሁ በፊት፣ «እንዴት ዋልህ? እንዴት ዋልሽ?» በሉና መልሱን እስኪጨርስ ድረስ ስሙት። በናዝሬት ቤት ልጁን በትዕግሥት ያሳደገ ጸጋ በእናንተም ቤት ይደር። አሜን።