ሰደቃ አወጣ
«ሰደቃ አወጣ» አለ፤ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የቦረና ደጋዎች፣ እንደ ቀረው ወሎ ሁሉ፣ ሙስሊሙ ለሞተበት ሰው ደግሶ ድሃውንና ጎረቤቱን አበላ፣ ዱዓ አስደረገ ሲል ነው። ቃሉን ብዙዎች በፈቃድ የሚደረግ ችሮታ ብለው ይፈቱታል። ፍቺው ቀና ቢሆንም ጠባብ ነው፤ ቁርኣን በ9ኛው ምዕራፍ ቁጥር 60 ዘካ የሚገባቸውን 8 ወገኖች ሲዘረዝር ግዴታ የሆነውን ስጦታ የሚጠራው «ሰደቃት» ብሎ ነውና።

አንድም፣ እውነት ሲል ነው። በዐረብኛ «ሲድቅ» እውነት ነው፤ ሰጪው በአፉ ያመነውን በእጁ ያረጋግጣል። አንድም፣ ጽድቅ ሲል ነው። ቃሉ ከዐረብ የመጣ እንግዳ ነው፣ ከግእዝ ጽድቅ ጋር ምን አገናኘው? የሚል ይኖራል። ሥራቸው አንድ ነው፤ የዐረቡ ጸ በእኛ አፍ ሰ ይሆናል፣ ጸሎትና ሶላትም እንዲሁ ናቸው። ዕብራይስጡም ጽድቅንም ምጽዋትንም «ጸዳቃ» ይላል። ምጽዋት የሚለው ትርጉም ለዐረቡ የደረሰው ከዕብራይስጥና ከአራማይክ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ያም ቢሆን ዝምድናውን ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም። በማቴዎስ ወንጌል 6፥1 «ምጽዋታችሁን» ብለን የምናነበውን እንኳ ቀደምቶቹ የግሪክ ብራናዎች «ጽድቃችሁን» ይሉታል። መዝሙረ ዳዊት 111ም (በሌላው ቁጥር 112) ለድሃ የሰጠውን ሰው ሲያመሰግን ጽድቁ ለዘላለም እንደሚኖር ይናገራል።

አንድም፣ ምስጢሩ «አወጣ» ላይ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሕዝቡ ሰደቃ «ሰጠ» ከማለት ይልቅ «አወጣ» ማለት ይቀናዋል። ሙስሊሙ ዘካ ያወጣል፤ ክርስቲያኑ ጎረቤቱም አሥራት ያወጣል፣ ተዝካር ያወጣል። የሚወጣው ከቤት ነው፤ በጎተራው ውስጥ የተቀመጠ የሌላ ሰው ድርሻ አለ ማለት ነው። ከተቀመጠ ገንዘብ ከ40 እጅ አንዱ ዘካ ነው ሲባል ያ አንዱ አስቀድሞም የድሃው ነበር። ታዲያ ዕዳ ከሆነ ቸርነቱ የት አለ? ቢሉ፣ ባለዕዳው ማንም ሳያስገድደው፣ ከተቀባዩም ምስጋና ሳይጠብቅ መክፈሉ ላይ ነው። ያው የማቴዎስ ምዕራፍ በምጽዋት ጊዜ መለከት መንፋትን የሚከለክለውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ዕዳውን ከፍሎ የሚያስለፍፍ የለምና። መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ሰደቃን «ምጽዋት» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ጽድቅንም ማውጣትንም አብራችሁ ጻፉለት።