ገዢው ፈቃድ ነው ወይስ ሐራራ?

 

በመራዊ፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገበያ የምትነግድ ወንድሜ ሆይ! አላህ መንገድህን ያቅናልህና ዕወቅ፤ ንግድ ሐላል የሚሆነው ሚዛን ስላልጎደለ ብቻ አይደለም፤ ሻጭና ገዢ ወደውና ፈቅደው ሲለዋወጡም ነው። የቡሬን በርበሬ የሚገዛህ ሰው ዋጋው ባይስማማው ወደ ጎረቤትህ ይሄዳል። በቆጋ መስኖ የበቀለውን ሽንኩርት የምትገዛ እናት ለወጧ የሚበቃትን ይዛ ትመለሳለች። እንግዲህ በባሕር ዳር ዙሪያ የሚበቅለውንና በየከተማው የሚሸጠውን ጫት ዕለት ዕለት የሚገዛው ወጣት፥ ገንዘብ ይዞ እጁን ሲዘረጋልህ በፈቃዱ ነውን? ይህን ጥያቄ በቀላሉ አትለፈው፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እርሱ ነውና።

በ1954 እ.ኤ.አ. በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ሊቃውንት በአይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አገቡ፤ አይጢቱ ትንሽ መርገጫ በረገጠች ቁጥርም ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይደርሳት ነበር። እርስዋም በሰዓት ብዙ መቶ ጊዜ ትረግጠው ጀመር። በኋላ በተደረጉ ምርመራዎችም አንዳንዶቹ አይጦች ምግብ በአጠገባቸው ሳለ መርገጫውን መርጠው ተራቡ። ያ የአንጎል ክፍል በዚያን ጊዜ የደስታ ስፍራ ተባለ።

የኋለኞቹ ሊቃውንት ግን ነገሩን አርቀው መረመሩ። በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር የጠፋባቸውን አይጦች ተመለከቱ። እነዚህ አይጦች ጣፋጭ ነገር በአፋቸው ሲገባ የመደሰት ምልክት ያሳያሉ፤ ተነሥተው ሊፈልጉት ግን አይችሉም። ከዚህም መፈለግና መውደድ በአንጎል ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች መሆናቸው ታወቀ። ስለዚህ ሰው የማይደሰትበትን ነገር አጥብቆ ሊፈልግ ይችላል።

ጫትም የሚገባው በዚሁ በር ነው። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለውን ካቲኖን የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ በ1975 እ.ኤ.አ. ለይቶ አውቆታል፤ እርሱም ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚደክም ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ ይጣደፋል። በመጀመሪያ ምርቃና ይመጣል፤ ልብ ይከፈታል፥ ወግ ይጣፍጣል። ከዚያም ዝምታ፥ እንቅልፍ ማጣትና ትካዜ ይከተላሉ። አዘውትሮ የሚቅም ሰው አንጎሉ ያንን ሲለምደው ምርቃናው እያነሰ፥ ሐራራው እየበረታ ሊሄድ ይችላል። ሌሊት በዱካክ የሚጨነቅ አለ፤ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብሎ ወደ መጠጥ ቤት የሚገባም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ሐራም የገባው በማያጠራጥረው በር ሳይሆን በሚያጠራጥረው በር ነው።

«አባቶቻችን ለሌሊት ዚክር ይነቁበት የለምን?» የሚል ቢኖር፥ መልሱ ይህ ነው። ይህ ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በመካ ይኖሩ የነበሩት ሊቅ ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ በ16ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ስለ ጫት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። ከየመን የደረሳቸው የሰዎች ምስክርነት እርስ በርሱ ስለ ተቃረነባቸው ሐራም ነው ብለው በቁርጥ ከመፍረድ ተቆጠቡ፤ ነገር ግን እንዲርቁት መከሩ። እኛም ከእርሳቸው አልፈን በጫት ላይ ፈትዋ አንሰጥም። የምንጠይቀው ስለ ገዢው ፈቃድ ብቻ ነው።

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! ገበሬው ልጆቹን የሚያሳድግበትን ተክል ሁሉ ከሌብነት አልቆጥርብህም። ነገር ግን ምልክት ልስጥህ፤ ፈቃድ ዋጋ ይከራከራል፥ ሐራራ አይከራከርም። ያልከውን ሁሉ የሚከፍል፥ ገንዘብ ቢያጣ መጽሐፉን ወይም የእናቱን ዕቃ መያዣ የሚያደርግ ወጣት ስታይ፥ መልካም ደንበኛ አገኘሁ ብለህ ደስ አይበልህ። በሕመሙ እየነገድህ እንዳይሆን ፍራ። ለእንዲህ ያለው በዱቤ አትስጥ፤ ለተማሪ አትሽጥ፤ ጢሙ ያልወጣውን ልጅ ለወግ ማድመቂያ ብለህ በቤርጫ አታስቀምጥ። ፈቃድ ሙሉ የሚሆነው በመጀመሪያው ቀን ነውና፥ በዚያ ቀን የጋበዘ ሰው ትልቅ ዕዳ አለበት።

እናንተ አባቶችና እናቶች ሆይ! በሱስ የተያዘ ልጃችሁ ከተጠያቂነት ፈጽሞ ወጥቷል አንልም፤ ፈቃዱ ቆሰለ እንጂ አልሞተምና። የቆሰለ ግን በስድብ አይድንም። ጫቱን ሲተው ጥቂት ቀን ቢተኛ፥ ቢከፋው፥ ምንም ነገር ባይጥመው፥ ሰነፈ አትበሉት፤ የደነዘዘው አንጎል ሚዛኑን እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል። ትካዜው ሳምንታት ቢዘልቅ፥ ከምግብና ከሰው ቢለየው፥ ይህ የድባቴ በሽታ ሊሆን ይችላልና «ኢማኑ ጎደለ» ብላችሁ ሁለተኛ ሸክም አትጫኑበት። ዱዓ አድርጉለት፤ ዱዓውም ከሐኪም አያስቀራችሁ። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ፤ በአዲስ አበባም አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአእምሮ ሕሙማንን ሲረዳ ኖሯል። ሞትን የሚመኝ ቃል ከአፉ ብትሰሙ ለአንዲት ሌሊት እንኳ ብቻውን አትተዉት፤ ነገ ሳትሉም ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ወንድሜ ሆይ! ማታ ሱቅህን ዘግተህ ገንዘብህን ስትቈጥር፥ የትኛው ብር በፈቃድ፥ የትኛው በሐራራ እንደ ገባ ነፍስህን ጠይቃት። ሰው የማያውቀውን ይህን ሒሳብ አላህ ያውቀዋል።

አላህ ሆይ! ትርፋችንን ከወንድማችን ጉዳት አጥራልን፤ የታሰረውን ፍታ፥ ያዘነውን አጽናና፥ ልጆቻችንን ጠብቅልን። አሚን።